ስልኩ ሲደወል የሚሮጠው ማን ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት ሥራ እየሠሩ ልጅ ስለሚያሳድጉ እናቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ምክሮቹ ክፉ አይደሉም። የነገውን ልብስ ማታ አዘጋጂ፣ ከልጆቹ ቀድመሽ ተነሺ፣ የሳምንቱን ምግብ ቅዳሜ ሠርተሽ አስቀምጪ፣ ለራስሽም ጊዜ ስጪ ይላሉ። ባለቤቴም አነበበችው። ስትጨርስ ጋዜጣውን አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «ይሄን ሁሉ እኮ አደርገዋለሁ» አለችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ጽሑፉ ከላይ እስከ ታች «አንቺ» ነው የሚለው። አንድም ቦታ «አንተ» አይልም። እኔ የአራት ዓመት ሴት ልጅና የዓመት ከመንፈቅ ወንድ ልጅ አባት ነኝ። እኔም ተቀጥሬ እሠራለሁ። የተጻፈው ስለ እኔ ቤት ነው፣ እኔ ግን የለሁበትም። «እናት ሥራና ልጅን እንዴት አድርጋ ታስኪደው?» ብለን ከጀመርን መልሱ ምንጊዜም ከእንቅልፏ መቀነስ ነው የሚሆነው፣ ምክንያቱም ቀኑ አይረዝምም፣ ሥራውም አያጥርም፣ የቀረው የእሷ ሌሊት ብቻ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ራሱን ብንቀይረው ብዬ ነው የምጽፍላችሁ።

መጀመሪያ የደረሰብንን ልንገራችሁ።

ባለቤቴ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው። ስትገባ ስልኳን ሳጥን ውስጥ ቆልፋ ነው፣ እስከ ምሳ ሰዓት አታየውም። ይህን ስለማውቅ ሴቷን ልጃችንን የሕፃናት ማቆያ ስናስመዘግብ ቅጹን በራሴ እጅ ሞላሁት። አንደኛ ተጠሪ እኔ፣ ሁለተኛ እሷ። ከዚያ አንድ ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ልጅቷን ትኩሳት ያዛት። ማቆያው ለባለቤቴ ስድስት ጊዜ ደወለ። አላነሳችም። ለባለቤቴ እናት ደወሉ። እሳቸው ደግሞ ሌላ ከተማ ናቸው፣ ተጨንቀው እሳቸውም ለልጃቸው ይደውሉ ጀመር። እኔ በዚያ ሁሉ ሰዓት ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ነበር። ስልኬ ፊት ለፊቴ ነው፣ ድምፁም አልጠፋም። ባለቤቴ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ለምሳ ወጥታ ያመለጧትን ጥሪዎች ስታይ ምን እንደተሰማት እናንተው ገምቱት። ለእኔ ስትደውልልኝ ድምጿ አይሰማም ነበር።

ስደርስ ልጄ ፍራሽ ላይ ተኝታለች። ደግነቱ ትኩሳቱ በርዶላት ነበር። ተንከባካቢዋን «ለምን አልደወላችሁልኝም?» አልኳት። «አባትን ከሥራ ማስነሳት ከብዶን ነው» አለችኝ። በክፋት አይደለም፣ ከልቧ ነው። ለእኔ አዝና ነው። ልጄን የሚወዱ፣ ሥራቸውን የሚያከብሩ ሰዎች ናቸው፣ ግን ዓይናቸው ቅጹ ላይ አንደኛ የተጻፈውን ስም ዘሎ ሁለተኛው ላይ ነው ያረፈው።

እዚህ ላይ ብቻ ባቆም እውነቱን ደብቄ ይሆናል። ከዚያ ቀን ከዓመት በፊት አንድ ጊዜ ደውለውልኝ ያውቃሉ። ልጅቷ አስመልሷት ነበር። እኔ ደግሞ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። «ለእናቷ ደውሉላት» ብዬ ዘጋሁት። አሥር ሰከንድ እንኳን አልፈጀብኝም። እነሱ ያን ቀን ተምረዋል። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገርኳቸው፣ ግን ገባቸው። ብዙ አባቶች ማንም አይደውልልንም ሲሉ እሰማለሁ፣ እኔም እል ነበር። መቼ ነው እንዳይደወልልን ያደረግነው የሚለውን ግን ብዙዎቻችን አናስታውሰውም፣ ምክንያቱም በእኛ በኩል በጣም ትንሽ ነገር ነበር።

ስለ ሕመም ነገር ትንሽ ልቆይ፣ የሚሠራ ወላጅ ቤት የሚናጋው በብዛት በዚህ ነውና። ትንሽ ልጅ በዓመት ከስድስት እስከ ስምንት ጊዜ ጉንፋን ቢይዘው ሐኪሞች አይደነግጡም፣ የተለመደ ነው። ማቆያ የሚውል ልጅ ላይ ደግሞ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። ሰውነቱ ከበሽታዎቹ ጋር ገና እየተዋወቀ ስለሆነ ነው እንጂ ማንም አጥፍቶ አይደለም። አሁን በሁለት ልጅ አባዙት። በእያንዳንዱ ጉንፋን አንድ ቀን ብቻ ከማቆያ ቢቀሩ እንኳን ከ12 እስከ 16 የሥራ ቀን ይሆናል። ትኩሳት ያለበትን ልጅ ማቆያው አልቀበልም ሲል ደግሞ ልክ ነው፣ የሌሎቹንም ልጆች ማሰብ አለበት። ክትባት፣ የጥርስ ሐኪም፣ ሞግዚቷ የምትቀርበት ቀን፣ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ቀን ገና አልተደመረም።

ሒሳብ ክፍል ነው የምሠራው፣ ስለዚህ ነገሩን በሒሳብ ዓይን ነው የማየው። በየዓመቱ የሚመጣን ወጪ «ድንገተኛ» ብለህ ብትመዘግብ ኦዲተር ይጠይቅሃል። የልጅ ሕመም ቀኑ አይታወቅም እንጂ መምጣቱ ይታወቃል። እኛ ግን፣ ቤትም መሥሪያ ቤትም፣ በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ እንደነግጣለን። ዝግጅት ስለሌለን ድንጋጤው ሁሉ አንድ ሰው ላይ ይወድቃል። ያ ሰው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

በ2023 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት አሜሪካዊቷ ፕሮፌሰር ክላውዲያ ጎልዲን ይህን በደንብ ያስረዱት ይመስለኛል። እንደ እሳቸው አባባል ብዙ ጥሩ ደመወዝ የሚከፍሉ ሥራዎች የሚከፍሉት ለተሠራው ሥራ ብቻ አይደለም፣ በተፈለግህ ሰዓት ሁሉ ለመገኘትህ ጭምር ነው። ማታ ቢደወል፣ እሑድ ቢደወል፣ አለሁ ለሚል ሰው። ልጅ ያላቸው ባልና ሚስት ደግሞ ሁለቱም ለመሥሪያ ቤት «በማንኛውም ሰዓት አለሁ» ሊሉ አይችሉም፣ ልጁም እንዲሁ በማንኛውም ሰዓት ነው የሚፈልጋቸው። ስለዚህ አንዱ ለቢሮ ይሰጣል፣ አንዷ ለቤት ትቀራለች። ለቤት የቀረችው ደመወዟ አያድግም። በሚቀጥለው ጊዜ ልጅ ሲታመም «ያንቺ ደመወዝ አነስ ስለሚል አንቺ ቅሪ» ይባላል፣ ነገሩም ምክንያታዊ ይመስላል። እንዲህ እንዲህ እያለ ልዩነቱ በራሱ እየሰፋ ይሄዳል። ማንም በክፉ ልብ ሳይወስን ማለት ነው። ይህን ሳነብ የራሴን ቤት ያለፉ አምስት ዓመታት አየሁበት።

መፍትሔውንም ከእሳቸው ጥናት ነው ያገኘሁት። አሜሪካ ውስጥ የፋርማሲ ባለሙያዎች ጉዳይ ነው። ድሮ ብዙው ፋርማሲ የአንድ ባለቤት ነበር፣ ባለቤቱ ከሌለ ሥራው ይቆማል፣ ረጅም ሰዓት የቆመ ሰው ብቻ ያተርፋል። አሁን የታካሚው መረጃ ኮምፒውተር ላይ ስላለ አንዱ ባለሙያ ሲወጣ ሌላው ገብቶ ካቆመበት ይቀጥላል። ሰዓታቸውን ያሳጠሩ ሰዎች ለሠሩበት ሰዓት የሚከፈላቸው አልወረደም፣ በሴትና በወንድ መካከል ያለው የደመወዝ ልዩነትም ከብዙ ሙያዎች ይልቅ ጠበበ። ሴቶቹ በርትተው ጠዋት ቀድመው ስለተነሱ አይደለም። ሥራው አንዱ የአንዱን ቦታ መሸፈን እንዲችል ሆኖ ስለተደራጀ ነው።

እኛም ክፍል ውስጥ ይህንኑ በትንሹ ሞከርነው። ከዚያ የትኩሳት ቀን በኋላ አጠገቤ የሚቀመጠውን ባልደረባዬን አነጋገርኩት። የእኔን ፋይሎች እሱ እንዲያውቃቸው፣ የእሱን እኔ እንዳውቃቸው ተስማማን። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት እየሰጠን ሦስት ሳምንት ገደማ ፈጀብን። የወር መዝጊያ ላይ ልጄ ታማ በአራት ሰዓት ስወጣ ሥራው አልቆመም። ከሁለት ወር በኋላ የእሱ አባት ሆስፒታል ሲገቡ ደግሞ እኔ ሸፈንኩለት። ልጅ የለውም፣ ግን አባት አለው። ይህ ነገር ለወላጆች የሚደረግ ችሮታ ተደርጎ ሲታይ ልቤ የሚሰበረው ለዚህ ነው። ሰው ሆኖ የሚንከባከበው ሰው የሌለው ማን አለ? አለቃችን መጀመሪያ ላይ ጉዳዩን አላወቀም ነበር። ሲያውቅ ለሙሉ ክፍሉ አደረገው።

ስልኩ ግን ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ቤት ውስጥ ነው ያለው፣ እሱን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን ለሦስት ወር የልጆቹ ጉዳይ ቀዳሚ ኃላፊ እኔ ልሆን ተስማማን። ስልክ ማንሳትና መሮጥ ብቻ መስሎኝ ነበር። እኔ እንደሆነ ድሮም ቢሆን ቤት ውስጥ እጄን አጣጥፌ የምቀመጥ ሰው አይደለሁም፣ አጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ አስተኛለሁ። «አግዛታለሁ» እል ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ግን ዳይፐር ሌሊት አለቀብን። ሁልጊዜ ዳይፐር የምገዛው እኔ ነኝ። ማለቁን የምታውቀው ግን እሷ ነበረች። መግዛቱ አሥር ደቂቃ ነው፣ ማወቁ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጭንቅላት ውስጥ ቦታ ይዞ የሚውል ነገር ነው። የልጄን የጫማ ቁጥር አላውቅም ነበር። የትንሹ ቀጣይ ክትባት መቼ እንደሆነ አላውቅም ነበር። የትኩሳት መድኃኒት የሚለካው በልጁ ክብደት እንደሆነ፣ ስለዚህ ክብደቱን በየጊዜው ማወቅ እንዳለብኝ እንኳን አላውቅም ነበር። ማቆያው ውስጥ ልጄ የምትፈራው ልጅ እንዳለ፣ ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ ከዘለለች ማታ እንደማትበላ፣ ትንሹ ከስምንት ወሩ ጀምሮ ስንለየው የሚያለቅሰው ዕድሜው ስለሆነ እንጂ ሞግዚቷን ስለጠላ እንዳልሆነ፣ ይህ ሁሉ አንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነበር። እሷ ላቦራቶሪ ገብታ ናሙና ስትመረምር እንኳን አብሯት ነበር።

«ምን ልርዳሽ?» የሚለው ጥያቄ ደግነት ይመስላል። ግን ሥራው የእሷ ነው፣ እኔ ለጊዜው መጣሁ ማለት ነው። ደግሞም ለእኔ ሥራ የማከፋፈሉን ሥራ በላዩ ይጨምርባታል። ይህን ቃል ከቤታችን አውጥተነዋል። አሁን የተከፋፈልነው ሥራ ሳይሆን ጉዳይ ነው። ጤና የእኔ ነው፣ ከክብደቱ እስከ ቀጠሮው፣ ከመድኃኒቱ እስከ መዝገቡ። ልብስና ጫማ የእኔ ነው። ማቆያና ትምህርት የእሷ ነው። አንዱ የአንዱን አይጠይቅም፣ አያስታውስም። የመጀመሪያው ወር ከባድ ነበር፣ በተለይ ለእሷ፣ ምክንያቱም ስረሳ አይታ ዝም ማለት ነበረባት። አንድ ቀጠሮ አልፎኛል። ድጋሚ አስያዝኩ።

መሥሪያ ቤት ውስጥ ያየሁትን ደግሞ ልጨምር። ልጄን ልወስድ ቀድሜ ስወጣ ባልደረቦቼ «ጎበዝ አባት» ይሉኛል። ደስ ብሏቸው ነው የሚሉት። እኛው ክፍል ያለች የሦስት ልጆች እናት በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ምክንያት ስትወጣ ግን «ልቧ ሥራዋ ላይ የለም» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንድ በር ነው የወጣነው። ለአራተኛና ለአምስተኛ ጊዜ ስወጣ ደግሞ የእኔም ምስጋና አለቀና «እናቷ የት ሄዳ ነው?» ተጀመረ። አባት አንድ ቀን ብቅ ሲል ይሞገሳል፣ በቋሚነት ሲሆን ይጠረጠራል። ብዙ ወንዶች እዚህ ላይ ተመልሰው ይቀራሉ ብዬ አምናለሁ። ስንፍና ብቻ አይደለም፣ ያ ጥያቄ ይከብዳል።

ይቺው ባልደረባዬ ሦስተኛውን ወልዳ የተመለሰች ጊዜ ወተቷን የምታልበው ዕቃ ማከማቻ ክፍል ውስጥ ነበር። በሩ አይቆለፍም፣ ስለዚህ ወንበር ታስደግፍ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን እስከ ስድስት ወሩ የእናት ጡት ብቻ ይጥባ ይላል። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው የወሊድ ጥበቃ ስምምነት፣ የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ቁጥር 183 ማለት ነው፣ ትንሹን የወሊድ ፈቃድ 14 ሳምንት ያደርገዋል። ይህም በየአገሩ ቢከበር ነው። 14 ሳምንት ሦስት ወር ከምናምን ነው። ቀሪውን ሁለት ወር ከመንፈቅ በላይ ማን ይሙላው? ለዚህ ነው ስምምነቱ ራሱ ለማጥባት የሚሰጥ የዕለት ዕረፍት የተከፈለበት የሥራ ሰዓት ሆኖ ይቆጠር የሚለው። ሐሳቡ አዲስም አይደለም፣ በ1919 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው ስምምነት ለምታጠባ እናት በቀን ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ይሰጥ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። የሚፈለገው ምንድን ነው? የሚቆለፍ በር፣ ወንበር፣ የኤሌክትሪክ ሶኬት፣ እጅ መታጠቢያ፣ ትንሽ ማቀዝቀዣ። የታለበ ወተት ያለ ማቀዝቀዣ ለአራት ሰዓት ያህል ብቻ ነው የሚቆየው፣ ማቀዝቀዣ ካለ ግን እስከ አራት ቀን ይቆያል። መፀዳጃ ቤት ውስጥ የልጅ ምግብ ይዘጋጃል? ማንም ሰው የራሱን ምሳ እዚያ አያዘጋጅም።

አንድ ሰው ምናልባት «ይህ የየቤቱ ጉዳይ ነው፣ ባልና ሚስት ይነጋገሩ» ይል ይሆናል። እኛ ተነጋግረናል፣ ጠቅሞናልም። ነገር ግን በ2024 እ.ኤ.አ. የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ባወጣው ግምት በዓለም ላይ 708 ሚሊዮን ሴቶች ቤተሰብ በመንከባከብ ምክንያት ከሥራ ገበያ ውጭ ናቸው። ወንዶቹ 40 ሚሊዮን ናቸው። ይህን ያህል ቤት በአንድ አቅጣጫ የሚያዘነብለው ባልና ሚስት ስላልተነጋገሩ ብቻ ነው ብሎ ማመን ያስቸግራል።

አገሮች የሞከሩትን ማየት ይጠቅማል። ስዊድን በ1974 እ.ኤ.አ. የወሊድ ፈቃዱን ለእናትም ለአባትም ክፍት አደረገችው፣ እንደፈለጉ ይካፈሉት ብላ። የወሰዱት ከሞላ ጎደል እናቶች ነበሩ። ኖርዌይ በ1993 እ.ኤ.አ. ሌላ መንገድ ሞከረች። አራት ሳምንት ለአባት ብቻ ለየች፣ አባት ካልወሰደው ይቃጠላል፣ ለእናት አይተላለፍም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አብዛኞቹ አባቶች ይወስዱት ጀመር። ልዩነቱ ይገርመኛል። «ትችላለህ» ሲባሉ ያልወሰዱት ሰዎች «ያንተ ነው» ሲባሉ ወሰዱት። አለቃቸው ፊት ቆመው ልመና ማቅረብ ቀረላቸው።

ጃፓን ደግሞ ለአባቶች ረጅም ፈቃድ የሚሰጥ ሕግ ነበራት፣ የሚወስደው ግን ጥቂት ነው። ሁሉም የባልደረቦቹን ፊት ይፈራል። በ2022 እ.ኤ.አ. ሕጉ ተሻሻለና አሠሪው ልጅ ለሚወለድለት ሠራተኛ ራሱ ሄዶ ስለ ፈቃዱ እንዲነግረውና ትወስዳለህ ወይ ብሎ እንዲጠይቀው ግዴታ ሆነ። በዚያው ዓመት ደግሞ አባት በመጀመሪያዎቹ ስምንት ሳምንታት ውስጥ የሚወስደው የአራት ሳምንት ፈቃድ ተጨመረ። ፈቃድ የወሰዱ አባቶች በ2022 እ.ኤ.አ. 17 በመቶ ገደማ ነበሩ፣ በ2023 እ.ኤ.አ. 30 በመቶ ደረሱ። መጠየቅ ብቻውን ይህን አመጣ አልልም። ግን ልጅ ሲወለድልኝ አለቃዬ ቀድሞ «መቼ ነው ፈቃድ የምትወጣው?» ቢለኝ ኖሮ ታሪኬ ሌላ ይሆን ነበር። የእኔ አለቃ «እንኳን ማርያም ማረችልህ» ብሎኝ በማግስቱ ሪፖርት ጠየቀኝ። እኔም አቀረብኩ።

የአይስላንድ ነገር ከአእምሮዬ አይጠፋም። ኦክቶበር 24 ቀን 1975 እ.ኤ.አ.፣ ዕለቱ አርብ ነበር፣ ከአገሪቱ ሴቶች 90 በመቶ የሚሆኑት ሥራ አቁመው ዋሉ። የደመወዙንም፣ የቤቱንም፣ ልጅ መጠበቁንም። ትምህርት ቤቶችና ማቆያዎች ተዘጉ። አባቶች ልጆቻቸውን እየያዙ መሥሪያ ቤት ገቡ። በአንድ ቀን ውስጥ፣ ልጅ የሁሉም ሰው ጉዳይ መሆኑን ቢሮ ውስጥ ያለው ሁሉ በዓይኑ አየ። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕጋቸው ሦስት ወር ለእናት፣ ሦስት ወር ለአባት፣ ሦስት ወር ተነጋግረው የሚካፈሉት አደረገው። እዚያ ለመድረስ 25 ዓመት ፈጅቷል።

እስካሁን የተናገርኩት ሁለት ሰው ስላለበት ቤት ነው። ብቻውን የሚያሳድግ ወላጅ ግን ሁለተኛ ቁጥር የለውም። ለእሱ ወይም ለእሷ «ተከፋፈሉ» ማለት ባዶ ምክር ነው። እዚህ ላይ ነው የመሥሪያ ቤቱ ነገር የሞት ሽረት የሚሆነው። የሥራ ፈረቃው ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ቢነገር ሰው ይለምናል፣ ይለዋወጣል፣ ያዘጋጃል። ማታ ደውለው «ነገ ጠዋት ግቢ» ካሏት ልጇን የት ታድርገው? የሰዓቱ ርዝመት ሳይሆን አለመታወቁ ነው የሚገድላት። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ቁጥር 156 ስምምነት የቤተሰብ ኃላፊነት ብቻውን ከሥራ ለመሰናበት ምክንያት ሊሆን አይችልም ይላል፣ የሚመለከተውም ሴቶችንም ወንዶችንም ነው። ነገር ግን ማንም «በልጅሽ ምክንያት አሰናብተንሻል» ብሎ ደብዳቤ አይጽፍም። «በተደጋጋሚ መቅረት» ነው የሚባለው።

ሞግዚቶችንም ልረሳቸው አልፈልግም። ወንዱን ልጃችንን ዓመት ሙሉ ቤት ሆና የጠበቀችልን ሴት አንድ ቀን አንድ ሰዓት አርፍዳ መጣች። ስብሰባ ነበረኝ፣ ፊቴን ጥቁር አድርጌ ተቀበልኳት። ልጇ አሟት ሌሊቱን ሳትተኛ አድራ፣ ጎረቤት ጋ አስቀምጣት ነው የመጣችው። ዓመቱን ሙሉ መሥሪያ ቤቴ አይረዳኝም እያልኩ ሳማርር የኖርኩ ሰው ለእሷ መሥሪያ ቤቷ እኔ ነበርኩ። ልጅ እንዳላት አውቃለሁ። እሷ ሥራ ስትውል ልጇ የት እንደምትውል ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር። አፈርኩ። ከዚያ በኋላ ልጇ ስትታመም ደመወዟ ሳይነካ እንድትቀር ተስማማን፣ በዚያ ቀን ከእኛ አንዳችን እንቀራለን። ሁላችንም የምንሠራው የሌላ ሰው ልጅ ያለ እናቱ ውሎ ከሆነ፣ ያ ልጅ የት ዋለ ብሎ መጠየቅ ይገባናል። ማቆያ ውስጥ አንዲት ተንከባካቢ ስንት ሕፃን ይዛለች ብለን የምንጠይቀውን ያህል፣ ስንት ይከፈላታል፣ የእሷንስ ልጅ ማን ያየዋል ብለን እንጠይቅ።

ስለዚህ የምጠይቀው ይሄን ነው። ማቆያዎችና ትምህርት ቤቶች፣ እባካችሁ ቅጹ ላይ አንደኛ ለተጻፈው ሰው ደውሉ። አባት ከሆነ ለአባት። «ለእናቷ ደውሉ» ቢላችሁ እንኳን በሚቀጥለው ጊዜ ድጋሚ ለእሱ ደውሉ፣ እንደ እኔ አንድ ቀን ይማር ይሆናል። አሠሪዎች፣ እያንዳንዱን ሥራ ሁለት ሰው ይወቀው፣ ፈረቃውን አስቀድማችሁ ንገሩ፣ ልጅ በሚወሰድበት ሰዓት ስብሰባ አትጥሩ። ትንሽ ድርጅት ያላችሁ ደግሞ ሰው እንደሚያጥራችሁ ይገባኛል፣ እኛ ክፍል ግን የተጨመረ ሰው የለም፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ለሦስት ሳምንት ብቻ ነው ያወጣነው።

እናንተንም አንድ ነገር ልለምን። በሚቀጥለው ጊዜ በዚህ ጉዳይ ስትጽፉ አባቶችን ጠይቁልን። የሕፃናት ሐኪምን፣ የሥነ ልቦና ባለሙያን ብቻ አይደለም፣ ጠዋት ልጁን አልብሶ፣ አብልቶ፣ አድርሶ ሥራ የገባውን ወንድ ጠይቁ። አሉ። አይጻፍላቸውም እንጂ አሉ። ሁሉም ብቸኛው እሱ የሆነ ይመስለዋል።

ሞግዚታችን ልጇ ትምህርት ስለጀመረች ሰዓቱ አልገጠመላትም፣ በዚህ ወር መጨረሻ ትሄዳለች። ትንሹም ሰኞ ማቆያ ይጀምራል። ቅጹን ትናንት ሞላሁ፣ አንደኛ እኔ፣ ሁለተኛ እናቱ። ከዚያ ተንከባካቢዋን ጠብቄ በቃሌም ነገርኳት፤ «ስብሰባ ላይ ብሆንም ደውይልኝ፣ አነሳለሁ።» ስልኳን አውጥታ ቁጥሬን እዚያው ፊቴ መዘገበችው። ይሠራ እንደሆነ ለማየት ደወለችልኝ፣ ጠራ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሁለት ልጆች አባት